«እንደደረሰኝ ነው የላክሁት» ማለት ከተጠያቂነት ያድናልን?



ምርጫ በቀረበ ቁጥር በየሞባይላችን የሚገባው መልእክት ይበዛል። አንዱ ወገን ተፎካካሪውን የሃይማኖት ጠላት ያደርገዋል፤ ሌላው ደግሞ በፊናው ያኛውን አገር ሻጭ ይለዋል። መልእክቱ የጸሐፊ ስም የለውም፤ የተጻፈበት ቀንና ቦታም አይታወቅም። በላዩ ላይ ያለው የላኪው ስም ብቻ ነው። ላኪው ደግሞ የምናውቀው ሰው ነው፤ የመስጊዳችን ጀመዓ፣ የሥራ ባልደረባችን ወይም አክስታችን ናቸው። ነገሩ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብለን ብንጠይቅ የምናገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እኔ ምን አውቄ? እንደደረሰኝ ነው የላክሁት»። የዛሬው ጥያቄያችን ይህ መልስ በሰውም ሆነ በአላህ ፊት ያድናል ወይ የሚል ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የዛሬ ፓርቲዎች የምርጫ ዘመቻቸውን የሚያካሂዱት በዚህ መልስ ላይ ተደግፈው መሆኑን ስናይ ክብደቱ ይገባናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያን የሚመለከቱት ሲቀሩ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቅስቀሳው አድራሻውን ሲያጣ

ቀድሞ የፓርቲ ቅስቀሳ አድራሻ ነበረው። በመኪና ላይ የታሰረው ድምፅ ማጉያ፣ በግድግዳ የተለጠፈው ወረቀት፣ በአደባባይ የቆመው ተናጋሪ የማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ተናጋሪው ቢዋሽ ተፎካካሪው እዚያው ሰምቶ በማግሥቱ ይመልስለታል፤ ሕዝቡም ሁለቱን አዳምጦ ይፈርዳል። ዛሬ ግን ፓርቲው ለአንዱ መራጭ የነገረውን ጎረቤቱ ላይሰማው ይችላል። ለገበሬው አንድ ነገር፣ ለነጋዴው ሌላ፣ ለሙስሊሙ አንድ ማስፈራሪያ፣ ለክርስቲያኑ ሌላ ማስፈራሪያ ለየብቻ ይላካል። ያልተሰማ ንግግር ደግሞ መልስ አይሰጠውም።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ ዓለም በሰፊው ያወቀው በ2018 የካምብሪጅ አናሊቲካ ጉዳይ ሲጋለጥ ነው። 270,000 ያህል የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ስለ ጠባያቸው የሚጠይቅ አንድ መጠይቅ ሞሉ። መጠይቁን ያቀረበው ፕሮግራም ግን የመለሱትን ሰዎች መረጃ ብቻ ሳይሆን የጓደኞቻቸውንም ጭምር ይዞ ሄደ። የስንት ሰው መረጃ እንደተወሰደ ፌስቡክ ራሱ ሲገምት እስከ 87 ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል አመነ። ይህን መረጃ የያዘው ኩባንያ በ2016 ለዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ሠርቷል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሐምሌ 2019 ፌስቡክን 5 ቢሊዮን ዶላር ቀጣ። ያ መረጃ ስንት ድምፅ አስቀየረ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። የማያከራክረው አንድ ነገር ነው፤ ጥቂት ሰዎች የራሳቸውን በር ከፈቱ፣ የወጣው ግን የጎረቤቶቻቸው ንብረት ነው።

ሁለተኛው ነገር የገጾቹ አሠራር ነው። በ2021 ከፌስቡክ የወጡ የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ከ2017 ጀምሮ የቁጣን ምልክት ጨምሮ የስሜት መግለጫዎቹ ከተራው «ላይክ» አምስት እጥፍ ክብደት ይሰጣቸው ነበር። ኩባንያው ኋላ ላይ ይህን ቢቀይረውም ፓርቲዎች ትምህርቱን ወስደዋል። ሰውን ያስቆጣ መልእክት ሩቅ ይሄዳል፤ ያስረዳው ግን እቤቱ ይቀራል።

ሦስተኛውና ለዛሬው ርእሳችን ዋናው በዋትስአፕና በቴሌግራም ያሉት የዝምድና፣ የሰፈርና የጀመዓ ግሩፖች ናቸው። እዚያ የሚገባ መልእክት እንደ ፓርቲ ቅስቀሳ አይታይም፤ የሚታየው እንደ ወንድም ምክር ነው። የዚህን አደጋ ለመረዳት ሕንድን ማስታወስ ይበቃል። እዚያ «ልጅ ሌቦች መጥተዋል» የሚል የሐሰት ወሬ በዋትስአፕ ተሠራጭቶ ምንም የማያውቁ ሰዎች በደቦ ተገደሉ። ኩባንያው በሐምሌ 2018 በሕንድ አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ከአምስት ቦታ በላይ እንዳይተላለፍ ገደበ፤ በጥር 2019 ገደቡ ለዓለም ሁሉ ሆነ። ልብ እንበል፤ ኩባንያው ሊገድበው የተገደደው ውሸት የሚፈጥሩትን ሳይሆን «እንደደረሰኝ ነው የላክሁት» የሚሉትን እጆች ነው።

ኢንዶኔዥያ፦ የሙስሊሞች አገር፣ የሙስሊሞች ፈተና

ይህ የምዕራባውያን በሽታ ነው ብለን እንዳንዘናጋ፣ እጅግ ብዙ ሙስሊም ከሚኖርባቸው አገሮች ግንባር ቀደም የሆነችውን ኢንዶኔዥያን እንመልከት። የዚያች አገር ሕዝብ ከአምባገነናዊ አገዛዝ ወጥቶ በነጻ መምረጥ የጀመረው በ1999 ነው። በ2024 በተካሄደው ምርጫ ከ204 ሚሊዮን በላይ መራጮች ተመዝግበዋል። ይህን ያህል ሙስሊም በሰላም ተሰልፎ መሪውን መምረጡ የሚያኮራ ነው። ሆኖም የዚያች አገር የምርጫ ታሪክ ሌላ ገጽም አለው።

በ2014 ጆኮ ዊዶዶና ፕራቦዎ ሱቢያንቶ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ ጆኮ ዊዶዶ በትውልድ ቻይናዊ፣ በእምነት ክርስቲያን ነው የሚል ጋዜጣ ታትሞ ወደ መስጊዶችና ወደ ሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ተላከ። ሰውየው ግን ሙስሊም ነው። የጋዜጣው ኃላፊዎች ኋላ ላይ በፍርድ ቤት ተቀጡ፤ ወሬው ግን ከወረቀት ወደ ሞባይል ተሸጋግሮ ኖረ።

በመስከረም 2016 የጃካርታው ገዥ ባሱኪ ቻሃያ ፑርናማ፣ በተለምዶ አሆክ የሚባለው ክርስቲያን፣ ለደሴት ነዋሪዎች ሲናገር የአል-ማኢዳን ምዕራፍ 51ኛ አንቀጽ ጠቀሰ። አንቀጹን «እየተጠቀሙ» የሚያታልሏችሁ አሉ የሚል ንግግር ነበር። አንድ የኮሌጅ መምህር የንግግሩን ቁራጭ በፌስቡክ ሲያወጣ በጽሑፍ በገለበጠው ቃል ውስጥ «እየተጠቀሙ» የሚለውን ቃል ዘለለው። ስለዚህ ትርጉሙ አንቀጹ ራሱ ያታልላል የሚል መሰለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት መቶ ሺዎች ወደ አደባባይ ወጡ። አሆክ በሚያዝያ 2017 ምርጫውን ተሸነፈ፤ በግንቦት ሃይማኖትን በመንቀፍ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። በዚያው ዓመት በኅዳር ደግሞ መምህሩ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ንግግሩ ሳይቆረጥም ሙስሊሙን ያስቀይማል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ፍርድ ቤቱም ጥፋተኛ ብሎታል። ያ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ነገር ግን ቁርኣን አንድ ፊደል ሳይጎድልበት በመጠበቁ የሚኮራ ኡማ፣ ለዚህ መጽሐፍ ተቆርቁሮ ሲነሣ በእጁ የያዘው ማስረጃ ቃል የጎደለበት መሆኑ ሊያሳዝነን አይገባምን? እውነተኛ ጉዳይ ያለው ሰው ቃል መቁረጥ ምን ያደርግለታል?

በጥቅምት 2018 ራትና ሳሩምፓዬት የተባለች የፕራቦዎ ዘመቻ አባል ፊቷ ያበጠ ፎቶግራፍ ተሠራጨ፤ ሰዎች ደበደቧት ተባለ። ፕራቦዎ ራሱ ጋዜጠኞችን ጠርቶ ድርጊቱን አወገዘ። ፖሊስ ሲያጣራ ሴትዮዋ የውበት ቀዶ ሕክምና አድርጋ ኖሯል፤ እርሷም መዋሸቷን አመነች፣ በ2019 ሁለት ዓመት ተፈረደባት። በጥር 2019 ደግሞ «ምልክት የተደረገባቸው የድምፅ መስጫ ወረቀቶች በሰባት ኮንቴይነር ከቻይና ታንጁንግ ፕሪዮክ ወደብ ገቡ» የሚል የድምፅ ቅጂ በዋትስአፕ ዞረ። የምርጫ ኮሚሽኑና ጉምሩክ ወደቡ ድረስ ሄደው ቢያዩ እንዲህ ያለ ኮንቴይነር የለም። ወረቀቶቹ ገና መታተምም አልጀመሩም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን በምዕራብ ጃቫ፣ በካራዋንግ የሆነው ነው። ሦስት ሴቶች ከቤት ቤት እየዞሩ ጆኮ ዊዶዶ ከተመረጠ አዛን ይከለከላል፣ ወንድ ከወንድ መጋባት ይፈቀዳል እያሉ ሲቀሰቅሱ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ሦስቱም ተከሰው የስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። እነዚህ ሴቶች የፓርቲ አለቆች አልነበሩም። ለእምነታቸው የሠሩ መስሏቸው ይሆናል። ከብዙ አፍ የሰሙትን ይዘው የጎረቤት ደጅ አንኳኩ፤ በወህኒ ቤት በር የገቡት ግን እነሱ ናቸው።

ለፍትሐዊነት ሲባል መነገር ያለበት፣ በዚህ ሥራ የተሰማራው አንዱ ወገን ብቻ አለመሆኑ ነው። የተደራጀ የማኅበራዊ ሚዲያ ሠራዊት ገና በ2012 ለጆኮ ዊዶዶና ለአሆክ የጃካርታ ምርጫ ተቋቁሞ ነበር። በዚያች አገር «በዘር» የሚባሉ፣ በክፍያ ወሬ የሚያራግቡ ሰዎች በሁሉም ጎራ አሉ።

ከዚያስ ምን ሆነ? የ2019 ምርጫ ውጤት በግንቦት ሲገለጽ ጃካርታ ውስጥ ሁከት ተነሣ። ቢያንስ ስድስት ሰዎች ሞቱ፤ መንግሥትም ለቀናት በዋትስአፕና በሌሎችም ገጾች ምስል እንዳይተላለፍ ገደበ። በሐምሌ ግን ሁለቱ ተፎካካሪዎች በጃካርታ አዲስ ባቡር ተሳፍረው እየሳቁ ተነጋገሩ። በጥቅምት ፕራቦዎ የጆኮ ዊዶዶ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነ። በ2024 ደግሞ የጆኮ ዊዶዶ ልጅ ጊብራን የፕራቦዎ ምክትል ሆኖ ተወዳደረ፤ ሁለቱም ከመቶ 58 በላይ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ።

የሁለቱ ደጋፊዎች በማኅበራዊ ሚዲያ አንዱ ሌላውን «እንቁራሪት ግልገል» እና «የሌሊት ወፍ» እያለ ሲሰድብ ዓመታት አልፈዋል። መሪዎቹ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ እነዚያን ቤተሰቦች፣ እነዚያን ጎረቤቶች ማን አስታረቃቸው? ዝሆኖቹ ታርቀው ሲሄዱ የተረገጠው ሣር እዚያው ቀረ።

የዑለማኡ ቃል

የኢንዶኔዥያ ዑለማእ ምክር ቤት በ2017 ረመዳን ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም ቁጥሩ 24 የሆነ ፈትዋ አወጣ። ሐሜትን፣ ነገር ማመላለስን፣ ስም ማጥፋትንና የሐሰት ዜናን በእነዚህ መገናኛዎች ማሠራጨት ሐራም መሆኑን ደነገገ። በወሬ ማራገብ ገንዘብ የሚያገኙትንም በስማቸው ጠቅሶ ሥራቸውን ሐራም አለ። የሚደንቀው፣ ያን ጊዜ የምክር ቤቱ ሊቀመንበር የነበሩት ሸይኽ ማዕሩፍ አሚን በቀጣዩ ዓመት የጆኮ ዊዶዶ ምክትል ሆነው ለምርጫ ቀረቡ። ፈትዋውን ያወጁት ዓሊም ራሳቸው የውሸት ጦር ወደሚወራወርበት ሜዳ ገቡ ማለት ነው። ፖለቲካ ከመስጊድ ውጭ ያለ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው የሚል ካለ ከዚህ ይማር።

ከመዲና የቀረ ትምህርት

በአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ዋትስአፕ አልነበረም፤ በሽታው ግን ነበር። በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ የተነዛውን ሐሰት እናስታውስ። ወሬውን ያራገበው የሙናፊቆች አለቃ ዐብዱላህ ኢብን ኡበይ ነበር። ሰውየው ከሂጅራ በፊት የመዲና ሰዎች አለቃቸው ሊያደርጉት ተቃርበው የነበረና ሥልጣኑን ያጣ ሰው እንደነበር የሲራ ጸሐፍት ይዘግባሉ። ስለዚህ ቁስሉ የፖለቲካ ቁስል ነው። ወሬውን ግን እሱ ብቻውን አላሠራጨውም። ከእውነተኛ ሙእሚኖችም ሦስት ሰዎች፣ ሐሳን ኢብን ሳቢት፣ ሚስጠሕና ሐምና ቢንት ጀሕሽ ተቀበሉት፣ አስተላለፉትም። አላህ የዓኢሻን ንጽሕና በሱረቱ-ን-ኑር ሲያወርድ እነዚህ ሦስቱ መቀጣታቸው ተዘግቧል። «ሰዎች ሲያወሩ ሰምተን ነው» የሚለው ቃል አላዳናቸውም። በዚያው ምዕራፍ አላህ የሚወቅሰው፣ ሰዎች የማያውቁትን ነገር አንዱ ከሌላው ምላስ እየተቀባበሉ ቀላል አድርገው ማየታቸውን ነው፤ እርሱ ዘንድ ግን ከባድ ነበር።

አቡ አዩብ አል-አንሷሪና ባለቤታቸው ወሬውን ሲሰሙ ምን አደረጉ? እኔ ወይም አንቺ ብንሆን ይህን እናደርገው ነበር ወይ ብለው እርስ በርስ ተጠያየቁ፤ ከእነሱ የተሻሉት እንዴት ያደርጉታል ብለውም ጣሉት። ምርመራው የፈጀው የአንድ ጥያቄን ጊዜ ነው። አንድ መልእክት ለማስተላለፍ ከሚፈጀው ጊዜ አይበልጥም።

ሁለተኛው ትምህርት የሐዲስ ሊቃውንት ያቆዩልን ነው። ኢማም ሙስሊም በሶሒሓቸው መግቢያ ኢብን ሲሪን ያሉትን ዘግበዋል። መጀመሪያ ሰዎች ስለ ዘገባ ሰንሰለት አይጠይቁም ነበር፤ ፊትናው ከመጣ በኋላ ግን የዘጋቢዎቻችሁን ስም ጥሩልን ይሉ ጀመር። ፊትናው ምን ነበር? ኡማው በመሪ ምክንያት የተከፈለበት የፖለቲካ ግጭት ነው። ስለዚህ «ማን ነገረህ?» የሚለው ጥያቄ በኡማችን ውስጥ ሥርዓት ሆኖ የተተከለው ፖለቲካ ሰውን በከፈለበት ሰዓት ነው። ዛሬ እኛ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ በሰላሙ ጊዜ እንጠይቃለን፣ በምርጫ ሰሞን መጠየቅ እናቆማለን። የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ውሸታም ለመባል ይህ ብቻ እንደሚበቃው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውም በዚያው መግቢያ ተዘግቧል።

ሦስት ምክንያቶች፣ ሦስት መልሶች

«ኒያዬ ጥሩ ነው፤ ለዲኔና ለወገኔ ብዬ ነው» የሚል ይኖራል። ኒያ ሐላሉን ሥራ ዒባዳ ያደርገዋል እንጂ ሐራሙን ሐላል አያደርገውም። ሰርቆ ሰደቃ የሚሰጥ ሰው ኒያው ሌብነቱን አያነጻለትም። የሰው ስምም ንብረቱ ነው።

«ሌላው ወገን ይዋሻል፤ እኛ ዝም ካልን እንሸነፋለን» የሚልም አለ። አንዳንዱ እንዲያውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ጦርነት ዘዴ የተናገሩትን ሐዲስ ይጠቅሳል። በመጀመሪያ ምርጫ ጦርነት አይደለም፤ ተፎካካሪው ነገ አብሮን ገበያ የሚውል ጎረቤት ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ግን ይህ ነው፦ በዚህ ውሸት የሚታለለው ማን ነው? የተፎካካሪው ፓርቲ ሰዎች አያምኑትም፤ እንዲያውም ይስቁበታል። የሚያምነው የኛ ሰው ነው። እናታችን፣ የጀመዓችን ወጣት፣ «እገሌ ከላከው እውነት ነው» የሚለው ወንድማችን ነው የሚታለለው። ጠላትን ለማታለል የተፈቀደ ዘዴ አለ ብሎ የሚከራከር ሰው ወዳጁን ማታለል የተፈቀደበትን ማስረጃ ከየት ያመጣል?

ሦስተኛው «እኔ አላፈራሁትም፣ አስተላለፍኩት እንጂ» የሚለው የርእሳችን መልስ ነው። ይህ መልስ አንድ ነገር ይረሳል። ፓርቲው ውሸቱን ራሱ ቢናገር ማንም አያምነውም፤ ፓርቲ ድምፅ ፈላጊ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ውሸቱ የሚታመነው ታማኝ ሰው ሲልከው ነው። ስለዚህ አስተላላፊው በነገሩ ላይ ትንሹ ተሳታፊ አይደለም፤ ውሸቱ የጎደለውን ዋናውን ነገር፣ እምነትን፣ የሰጠው እርሱ ነው። ፓርቲው የጻፈው ያለ ፊርማ ነው፤ ፊርማውን ያኖርንበት እኛ ነን። ሰዎች በኛ ላይ ያላቸው እምነት አማና ነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት በመልካም ጠባይ የተጠራቀመ አማና በአንድ ምሽት ለማናውቀው ቀስቃሽ እናበድረዋለን። እርሱ ግን አይመልሰውም።

ዝምታ ነው እንዴ መፍትሔው?

ይህ ሁሉ ሲባል ማኅበራዊ ሚዲያ ይዘጋ፣ ሙስሊሙም ከፖለቲካ ይራቅ ማለት አይደለም። አፉ ለተለጎመ ሰው እነዚህ መገናኛዎች ትልቅ መሣሪያ መሆናቸውን የኛ አገር ሙስሊም ከማንም በላይ ያውቃል። በ2004 የተጀመረው የ«ድምፃችን ይሰማ» ሰላማዊ እንቅስቃሴ ሌላው መድረክ በተዘጋበት ጊዜ ጥያቄውን ለዓለም ያሰማው በፌስቡክ ገጹ አማካይነት ነበር። በፓኪስታንም በታኅሣሥ 2023 የታሰረው ኢምራን ኻን ከወህኒ ቤት ያወጣው ማስታወሻ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በራሱ ድምፅ ተነብቦ በኢንተርኔት ለደጋፊዎቹ ተላለፈ። ድምፁ የመሣሪያ ሥራ መሆኑም ተገልጿል። በየካቲት 2024 ፓርቲው የምርጫ ምልክቱን ተነጥቆ ሳለ በግል የቀረቡ እጩዎቹ ከማንኛውም ፓርቲ የበለጠ መቀመጫ አገኙ።

በአንጻሩ በኢንዶኔዥያ በጥር 2024 የጎልካር ፓርቲ ምክትል ሊቀመንበር በ2008 የሞተውን ሱሃርቶን በዚሁ መሣሪያ አስነሥቶ ድምፅ ስጡ ሲል የሚያሳይ ቪዲዮ አሠራጨ። ይህም በመሣሪያ መሠራቱ አልተደበቀም። ልዩነቱ ምንድን ነው? አንዱ በሕይወት አለ፣ የተናገረው የራሱን ቃል ነው፣ ነገ ይጠየቅበታል። ሌላው ሥራው በሞቱ የተዘጋ፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» ማለት የማይችል ሟች ነው። መሣሪያው አንድ ነው፤ ሐላሉንና ሐራሙን የለየው አማናው ነው።

የኛም አገር ከዚህ ውጭ አይደለችም። በሰኔ 2013 ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ፌስቡክ በኢትዮጵያ ውስጥ ያነጣጠሩ የሐሰት አካውንቶችን መረብ መሰረዙን አስታወቀ፤ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት ካላቸው ግለሰቦች ጋርም አያይዞታል። ከመንግሥት ውጭ ያሉትም፣ በውጭ አገር ተቀምጠው የሚቀሰቅሱትም ከዚህ ንጹሕ ናቸው የሚል አይኖርም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በማኅበራዊ ሚዲያ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ሰው ላይ ጠንከር ያለ ቅጣት ደንግጓል። ሕግ መኖሩ መልካም ነው፤ ሕጉን የያዘው እጅ የመንግሥት መሆኑን ግን አንርሳ። መንግሥትም በምርጫው ተወዳዳሪ ሲሆን የቱ ወሬ ሐሰት፣ የቱ ትችት እንደሆነ የሚለየው ማን ነው? ለዚህ ነው ምላሳችንን ራሳችን ካልጠበቅነው ሌላው እንዲለጉመው ሰበብ የምንሰጠው። ውሸት የሚያስተላልፍ ሕዝብ እውነት ሲናገርም ለመዘጋት የተመቸ ይሆናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በሱረቱ-ል-ሑጁራት ስድስተኛ አንቀጽ አላህ ነገረኛ ሰው ወሬ ሲያመጣ አጣሩ ብሎ አዝዟል። ምክንያቱንም አብሮ ነግሮናል፤ ባለማወቅ ሕዝብን ጎድተን በሠራነው እንዳንጸጸት ነው። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚያወሱት ዘካ ሊሰበስብ የተላከ ሰው ፈርቶ ከመንገድ ተመልሶ በኒል-ሙስጠሊቅ ዘካ ከለከሉ ብሎ በመናገሩ ጦር ሊዘምት ተቃርቦ ነበር። ስለዚህ መልእክት ሲደርሰን ሦስት ጥያቄ እናንሣ። ይህን መጀመሪያ የተናገረው ማን ነው? ሰውየው ፊቴ ቢቆም ይህን ቃል እነግረው ነበር? እኔ የምደግፈው ፓርቲ እንዲህ ቢባልስ ያለ ማስረጃ አምነው ነበር? ለሦስቱ መልስ ከሌለን ጣታችንን እንሰብስብ። አስቀድመን የላክነው ሐሰት መሆኑን ካወቅን ደግሞ በዚያው ግሩፕ፣ በዚያው ሰው ፊት «ሐሰት ኖሯል» ብለን እንጻፍ። ውሸቱን ለመቶ ሰው ልኮ ተውበቱን በልቡ ብቻ የሚያደርግ ሰው የሰው ሐቅ አንገቱ ላይ ነው።

ኢማሞቻችንና የጀመዓ ግሩፖች ኃላፊዎችም ሥራ አላቸው። የመስጊድን ሚንበር ለፓርቲ እንደማንሰጥ ሁሉ በመስጊዱ ስም የተከፈተውን ግሩፕም ለፓርቲ መልእክት ማስረከብ የለብንም። ይህ ሙስሊሙ እንዳይመርጥ መከልከል ሳይሆን የሚመርጠው ዓይኑን ገልጦ እንዲሆን ማድረግ ነው።

የዓኢሻ (ረ.ዐ) አባት አቡበክር (ረ.ዐ) በልጃቸው ላይ ወሬ ያስተላለፈውን ዘመዳቸውን ሚስጠሕን ይረዱት ነበር። ከዚያ በኋላ እንደማይረዱት ማሉ። አላህ በዚያው በሱረቱ-ን-ኑር ይቅር እንዲሉ ሲመክር ግን እርዳታውን ቀጠሉ። ምርጫ ያልፋል፤ ፓርቲዎች ይዋሐዳሉ፣ ይከፈላሉ፣ ይታረቃሉ። እኛ ግን በአንድ ሰፍ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን መስገዳችን አይቀርም። ወሬ ላኪውና የተወራበት ጎን ለጎን ሲቆሙ የሚያፍር ሰው እንዳይኖር ከአሁኑ እንጠንቀቅ፤ ያጠፋውንም ይቅር እንበል።

ለተነሣንበት ጥያቄ መልሱ ግልጽ ነው። «እንደደረሰኝ ነው የላክሁት» የሚለው ቃል መከላከያ ሳይሆን የእምነት ቃል ነው፤ ሳያጣራ መላኩን ላኪው በራሱ አንደበት እየመሰከረ ነው። አላህ ምላሳችንንም ጣታችንንም ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።